ስለ ራስ ቁርና ብስክሌት ስለሚነዱ ልጆች

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)



«የራስ ቁር» የሚለው ቃል ሲነሣ አብዛኞቻችን የምናስበው የጥንቱን ጦረኛ ነው። ጥሩር ለብሶ፣ ጋሻ አንግቦ፣ የናስ ቁር በራሱ ላይ ደፍቶ ወደ ጦር ሜዳ የሚወጣው ሰው በሥዕልም በታሪክም ዘወትር ስለሚታየን፣ የራስ ቁር የጦር ዕቃ ብቻ ይመስለናል። ዛሬ ልንነጋገርበት የፈለግነው ግን ስለ ሌላ ዓይነት ቁር ነው፤ ይኸውም ሕፃናት ብስክሌት በሚነዱበት ጊዜ ስለሚያጠልቁት፣ በዘመናችን አጠራር «ሄልሜት» ስለሚባለው ነው። ይህ ቁር ከናስ ወይም ከብረት አይሠራም፤ ክብደቱም ግማሽ ኪሎ አይሞላም። የሚከላከለውም ከጠላት ሰይፍ ሳይሆን ከአስፋልትና ከድንጋይ ነው።

ነገሩ ሲያዩት ትንሽ ይመስላል። ታሪኩን ስንመረምር ግን በውስጡ አንድ ትልቅ ቁም ነገር እናገኛለን። የሰው ልጅ፣ ራስን ከመሰበር የሚያድነውን ዕውቀት ካገኘው ቆይቷል። ይሁን እንጂ ያን ዕውቀት በመጀመሪያ የሰጠው ለወታደሩ ነው፤ ቀጥሎ ለመኪና ተወዳዳሪው ሰጠው፤ ከሁሉ ይልቅ ለአደጋ የተጋለጠው ሕፃን ግን ያገኘው ከሁሉ በኋላ ነው። ከዕውቀቱ መገኘት እስከ ሕፃኑ ራስ ድረስ ያለው መንገድ ሃምሳ ዓመት ያህል ፈጅቷል። ይህ መዘግየት ከምን እንደ መጣና እኛም ከእርሱ ምን እንደምንማር በዚህ ንግግር እንመለከታለን። የምንጠቅሳቸው ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናስታውቃለን።

ብስክሌት ከመነሻው ለሕፃን የታሰበ ዕቃ አልነበረም። በ1817 ዓ.ም. ካርል ድራይስ የተባለ ጀርመናዊ ባሮን፣ ማንሃይም በተባለችው ከተማ ሁለት መንኰራኵሮች በአንድ የእንጨት አግዳሚ ላይ አያይዞ፣ ሰው በላዩ ተቀምጦ መሬቱን በእግሩ እየገፋ የሚሄድበትን መሣሪያ ሠራ። መርገጫ የተጨመረለት ግን በ1860ዎቹ ዓመታት በፓሪስ ነው። በ1870ዎቹም ፍጥነት ለመጨመር ሲባል የፊተኛው መንኰራኵር እየተለቀ ሄዶ ቁመቱ እስከ አንድ ሜትር ተኩል ደረሰ። ነጂው በዚህ ታላቅ መንኰራኵር ጫፍ ላይ ይቀመጥ ስለ ነበር፣ አንዲት ድንጋይ መንገድ ላይ ባጋጠመችው ጊዜ ከነመሣሪያው ወደ ፊት ተገልብጦ በራሱ ይተከል ነበር። ይህ አወዳደቅ እጅግ የተለመደ ከመሆኑ የተነሣ በእንግሊዝኛ ቋንቋ የራሱ ስም እስኪወጣለት ድረስ ደርሷል። ከዚህም የተነሣ በ1880ዎቹ ዓመታት አንዳንድ ነጂዎች፣ አውሮፓውያን በሙቀት አገር የሚደፉትን ከተክል ልብ የተሠራ ቀላል ባርኔጣ እያጠለቁ መንዳት ጀመሩ። ያ ባርኔጣ ሲመታ በቀላሉ ይሰባበር ነበር፤ በመሰባበሩም የምቱን ኀይል ጥቂት ያስቀር ነበር። የኋላ ዘመን ሊቃውንት በሒሳብ የደረሱበትን ነገር እነዚያ ሰዎች በልማድ ነክተውት ነበር ማለት ይቻላል።

ከዚህ በኋላ በ1885 ዓ.ም. ጆን ኬምፕ ስታርሊ የተባለ እንግሊዛዊ፣ በኮቬንትሪ ከተማ መንኰራኵሮቹ ተቀራራቢ የሆኑና በሰንሰለት የሚነዳ ዝቅተኛ ብስክሌት አወጣ። ዛሬ የምናውቀው ብስክሌት የእርሱ ልጅ ነው። ከሦስት ዓመት በኋላም ጆን ቦይድ ደንሎፕ የተባለ በቤልፋስት የሚኖር የእንስሳት ሐኪም፣ በ1888 ዓ.ም. በነፋስ ለሚሞላው ጎማ የፈጠራ መብት አገኘ። ደንሎፕ ይህን ጎማ የሠራው ትንሹ ልጁ በሦስት እግር ብስክሌቱ በድንጋይ ንጣፍ ላይ ሲሄድ እንዳይንገጫገጭበት ብሎ ነው። አንድ አባት ለልጁ ምቾት ያሰበው አሳብ የዓለምን መጓጓዣ ለወጠ። ብስክሌትም ዝቅ ያለ፣ የተመቸና ዋጋው የቀነሰ እየሆነ ሲሄድ ከትልልቆቹ እጅ ወደ ልጆች እጅ ገባ። እንግዲህ ልብ እንበል፤ የልጁን መቀመጫ ከመንገጫገጭ የሚያድነው ጎማ በ1888 ዓ.ም. ሲገኝ፣ የልጁን ራስ ከመሰበር የሚያድነው ቁር በሕግ የታዘዘው ግን ከመቶ ዓመት በኋላ ነው።

ክቡራን አድማጮች፤ የዛሬው የራስ ቁር ዕውቀት የተጀመረበትን ታሪክ ብንመረምር ከአንድ ታዋቂ ሰው ሞት ላይ እንደርሳለን። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዓረቦች በቱርክ መንግሥት ላይ በተነሡ ጊዜ አብሯቸው የዘመተው፣ «የዓረቡ ሎሬንስ» በመባል የሚታወቀው እንግሊዛዊው መኰንን ቶማስ ኤድዋርድ ሎሬንስ፣ በሜይ 13 ቀን 1935 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር በዶርሴት አውራጃ ከቤቱ አጠገብ በሞተር ብስክሌት ይሄድ ነበር። መንገዱ ከፍና ዝቅ የሚል ስለ ነበር ከፊቱ በብስክሌት የሚሄዱትን ሁለት ልጆች በድንገት አገኛቸው። እነርሱን ላለመግጨት ሲያጥፍ ከሞተር ብስክሌቱ ላይ ተወርውሮ ወደቀ። በራሱ ላይ ምንም መከላከያ አልነበረውም። ስድስት ቀን ራሱን ስቶ ከተኛ በኋላ በ46 ዓመት ዕድሜው አረፈ። ልጆቹ ግን ተረፉ።

ሊያድኑት ከተጠሩት ሐኪሞች አንዱ ሂዩ ኬርንስ ነበር። ኬርንስ በደቡብ አውስትራሊያ የተወለደ፣ ለትምህርት ወደ ኦክስፎርድ የመጣና በአንጎል ቀዶ ሕክምና ስመ ጥር የሆነ ሰው ነው። ለሎሬንስ ሊያደርግለት የቻለው ነገር አልነበረም፤ ምክንያቱም የተጨፈለቀ አንጎል በቢላዋና በመርፌ አይጠገንም። ኬርንስ ከዚህ በኋላ ዓይኑን ከማዳን ወደ መከላከል መለሰ። ሁለተኛው የዓለም ጦርነት በተነሣ ጊዜ በከተሞች ላይ ከአየር ጥቃት የተነሣ መብራት ይጠፋ ስለ ነበርና መልእክት አድራሽ ወታደሮችም በጨለማ መንገድ በሞተር ብስክሌት ይጣደፉ ስለ ነበር፣ አደጋው በዛ። በጦርነቱ የመጀመሪያዎቹ 21 ወራት በብሪታንያ 2,279 ሞተር ብስክሌት ነጂዎችና ከኋላ የተፈናጠጡ ሰዎች ሞቱ። ኬርንስም በ1941 ዓ.ም. በብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ባወጣው ጽሑፍ፣ ቁር አድርገው የተጎዱ ሆነው ያገኛቸው ሰዎች ሰባት ብቻ መሆናቸውንና ሰባቱም መትረፋቸውን አስታወቀ። ሰባት ሰው ጥቂት ነው፤ ጸሐፊውም ይህን ያውቅ ነበር። የእንግሊዝ ጦር ሠራዊት ግን ነገሩን ንቆ አላለፈውም፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ ሞተር ብስክሌት የሚነዱ ወታደሮች ሁሉ በሥራ ላይ ቁር እንዲያደርጉ ትእዛዝ ወጣ። በ1946 ዓ.ም. ኬርንስ ውጤቱን መርምሮ የሟቾቹ ቍጥር መቀነሱን አሳየ።

1941 ዓ.ም. እኛ ኢትዮጵያውያን ነፃነታችን የተመለሰበት ዓመት መሆኑን ብናስታውስ፣ ይህ ዕውቀት ከተገኘ ምን ያህል ዘመን እንዳለፈ ይገባናል። ወታደሩ ቁሩን በዚያው ዓመት አገኘ። የብሪታንያ ሲቪል ሞተር ብስክሌት ነጂ ግን በሕግ የታዘዘው በ1973 ዓ.ም. ነው። ኬርንስ በ1952 ዓ.ም. ስላረፈ ያን ቀን አላየውም። ብስክሌት የሚነዳው ሕፃንማ ገና በማንም አሳብ ውስጥ አልገባም ነበር።

አሁን ደግሞ የራስ ቁር እንዴት ያድናል ለሚለው ጥያቄ መልስ እንስጥ፤ ምክንያቱን ያላወቀ ሰው ትእዛዙን በደስታ አይቀበልምና። አንድ ልጅ በብስክሌት ላይ ተቀምጦ ሳለ ራሱ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ ይገኛል እንበል። ከዚያ ከፍታ ወደ ጐን ቢወድቅ፣ ብስክሌቱ ቆሞ ቢሆን እንኳ፣ ራሱ መሬት የሚመታው በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር በሚጠጋ ፍጥነት ነው። ያልተሸፈነ ራስ አስፋልት ሲመታ በጥቂት ሚሊ ሜትር ርቀት ውስጥ በድንገት ይቆማል። የሚጎዳውም ይህ ድንገተኛ መቆም ነው። የብስክሌት ቁር ውስጡ፣ ቴሌቪዥንና ሌላ የኤሌክትሪክ ዕቃ በካርቶን ሲታሸግ እንደምናየው ያለ ነጭ ፎም ነው። ይህ ፎም በምቱ ጊዜ እየተጨፈለቀ ራስን በዝግታ ያቆመዋል። ከ150 ሳንቲ ሜትር ከፍታ የወደቀ ነገር በ3 ሚሊ ሜትር ውስጥ ቢቆም በአማካይ የራሱን ክብደት 500 እጥፍ ያህል ኀይል ያርፍበታል፤ ፎሙ በ2 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጨፍልቆ ቢያቆመው ግን ኀይሉ ወደ 75 እጥፍ ይወርዳል። እንግዲህ በልጁ ሕይወትና ሞት መካከል ያለው ርቀት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ነው ብንል ማጋነን አይሆንም።

የሕፃን ራስ ደግሞ ከትልቅ ሰው ራስ የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አዲስ የተወለደ ልጅ ራሱ የቁመቱን ሩብ ያህል ሲሆን፣ የትልቅ ሰው ራስ ግን የቁመቱ አንድ ስምንተኛ ያህል ነው። ስለዚህ ልጅ በሚወድቅበት ጊዜ ከባዱ ራሱ ይቀድመዋል። የራስ ቅሉ አጥንት ስስ ነው፤ የአንገቱም ጡንቻ ገና አልጠነከረም። ከዚህም በቀር የሚመጣውን መኪና ፍጥነትና ርቀት በትክክል የመገመት ችሎታው ገና አልበሰለም። አባቶቻችን «ራስ ሳይጠና ጉተና» ብለው የተረቱት ያለ ጊዜው ስለሚደረግ ነገር ነው፤ የተረቱ መሠረት ግን የሕፃን ራስ ለመጥናት ዕድሜ የሚሻ መሆኑን ማወቃቸው ነው። እኛም ራሱ ሳይጠና ብስክሌት የሰጠነው ልጅ ካለን፣ እስኪጠና ድረስ የሚከለልበትን ነገር አብረን ልንሰጠው ይገባል።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። ከጦርነቱ በኋላ በአሜሪካ ለአውሮፕላን አብራሪዎች ቁር ምርምር ያደርጉ የነበሩ የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት፣ ውጩ ጠንካራ ውስጡ የሚጨፈለቅ ድርብ ቁር ሠርተው በ1953 ዓ.ም. የፈጠራ መብት አገኙ። በ1956 ዓ.ም. ዊልያም ስኔል የተባለ የመኪና ተወዳዳሪ በውድድር ላይ የራስ አደጋ ደርሶበት ሲሞት፣ ወዳጆቹ በሚቀጥለው ዓመት በስሙ ድርጅት አቋቁመው ቁሮችን እየፈተኑ ደረጃ ይሰጡ ጀመር። የብስክሌት ተወዳዳሪዎች ግን በዚያ ሁሉ ዘመን የሚያደርጉት ጥቂት የቆዳ ቁራጮችን አገጣጥሞ የተሰፋ መሸፈኛ ነበር። ያም መሸፈኛ ራስን ከመላጥ እንጂ ከምት አያድንም ነበር። የፎም ውስጥ ያለው ጠንካራ የብስክሌት ቁር ለገበያ የቀረበው በ1975 ዓ.ም. ሲሆን፣ የሠራውም ቤል የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው።

ቁሩ ቢገኝም ልማዱ ወዲያው አልተከተለም። የብስክሌት እሽቅድድም ሰዎች እንኳ ቁር በግድ እንዲያደርጉ በ1991 ዓ.ም. ሲታዘዙ ይሞቀናል፣ ይከብደናል ብለው አድመው ትእዛዙ ተነሣላቸው። ካዛኪስታናዊው አንድሬይ ኪቪሌቭ በማርች ወር 2003 ዓ.ም. ከፓሪስ ወደ ኒስ በሚደረገው ውድድር ላይ ያለ ቁር ወድቆ በማግሥቱ ከሞተ በኋላ ነው፣ ዓለም አቀፉ የብስክሌት ማኅበር በዚያው ዓመት ቁርን ግዴታ ያደረገው። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው እንዲህ ላለው ነገር ነው። ዕውቀቱና ዕቃው በእጃቸው ያለ ዐዋቂዎች ይህን ያህል ከተከራከሩ፣ ልጅ በራሱ ምርጫ ያደርገዋል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው። ስለ ልጅ ማሰብና መወሰን የሚገባው ዐዋቂው ነው።

ይህንንም ኀላፊነት በግልጽ ከተሸከሙት ውስጥ በአሜሪካ የሲያትል ከተማ ሐኪሞች ይገኙበታል። እነዚህ ሐኪሞች ራሳቸውን ተመተው ወደ ሆስፒታል የሚመጡ ልጆች ስለ በዙባቸው፣ ከ1986 ዓ.ም. ጀምሮ ወላጆችን ማስተማር፣ ዋጋ የሚቀንስ ኩፖን ማደል፣ በጋዜጣና በሬዲዮ መናገር ያዙ። በ1987 ዓ.ም. ቁር የሚያደርጉት ልጆች ከመቶ 5 ያህል ነበሩ፤ በ1992 ዓ.ም. ከመቶ 40 ያህል ሆኑ። በ1989 ዓ.ም. ያሳተሙትም ጥናት ቁር የራስን ጉዳት ከመቶ 85 እጅ እንደሚቀንስ ገለጸ። ይህ ቍጥር በዝቷል ብለው ሌሎች ሊቃውንት ተከራክረዋል፤ ክርክሩም ተገቢ ነበር። በ2016 ዓ.ም. ከብዙ አገሮች የተገኙ ጥናቶች ተሰብስበው ሲመረመሩ ከባድ የራስ ጉዳት ከመቶ 69 እጅ ያህል እንደሚቀንስ ተገኘ። ቍጥሩ ከፊተኛው ዝቅ ቢልም፣ ከሦስት ከባድ ጉዳቶች ሁለቱን የሚያስቀር ነገር በአንድ ወላጅ ፊት ቀላል አይደለም።

ሕግ በማውጣት ግን የቀደመችው የአውስትራሊያዋ የቪክቶሪያ ግዛት ናት። የቪክቶሪያ መንግሥት በቅድሚያ ለብዙ ዓመታት በትምህርት ቤቶች ሲያስተምርና ለገዢዎች ከዋጋው ጥቂት ገንዘብ ሲመልስ ቆይቶ፣ ከጁላይ 1 ቀን 1990 ዓ.ም. ጀምሮ ብስክሌት የሚነዳ ሁሉ ቁር እንዲያደርግ አዘዘ። በአንድ ዓመት ውስጥ ቁር የሚያደርጉት ከመቶ 31 ወደ መቶ 75 ደረሱ። ዕውቀቱን ያስገኘው ኬርንስ አውስትራሊያዊ ነበርና፣ ጽሑፉ ከታተመ ከ49 ዓመት በኋላ ሕጉ በትውልድ አገሩ ተፈጸመ። ከዚያ ወዲህ ብዙ አገሮች ለይተው በልጆች ላይ ሕግ አወጡ። ስዊድን በ2005 ዓ.ም. ከ15 ዓመት በታች ላሉት፣ ፈረንሳይም በ2017 ዓ.ም. ከ12 ዓመት በታች ላሉት ቁርን ግዴታ አድርገዋል።

ክቡራን አድማጮች፤ የአንድ ወገን ብቻ ተናግሮ ማለፍ ለአድማጭ አክብሮት አይሆንም። በቪክቶሪያ ከሕጉ በኋላ ብስክሌት የሚነዱ ወጣቶች ቍጥር መቀነሱ ታይቷል፤ ልጅ ቁሩን ከመልመድ ይልቅ ብስክሌቱን ቢተው ደግሞ ሰውነቱ የሚያገኘው ጥቅም ይቀራል። ሲያትል የምትገኝበት የኪንግ አውራጃም፣ ሕጉ በድኾችና በጥቁሮች ላይ ይበልጥ እየከበደ በመታየቱ በ2022 ዓ.ም. አስገዳጅነቱን አንሥቶ ማስተማሩንና ቁር ማደሉን መርጧል። የኔዘርላንድን አገርም ማስታወስ ይገባል። በ1971 ዓ.ም. በዚያ አገር በመንገድ አደጋ ከ3,000 በላይ ሰዎች ሲሞቱ ከእነርሱ ውስጥ 400 የሚያህሉት ሕፃናት ስለ ነበሩ፣ ወላጆች «የሕፃናት ግድያ ይቁም» በሚል ስም ተሰባስበው አደባባይ ወጡ። መንግሥታቸውም ለብስክሌት የተለየ መንገድ መሥራትንና በመኖሪያ ሰፈር የመኪናን ፍጥነት መግታትን አጠናከረ። ዛሬ በኔዘርላንድ ቁር የሚያደርግ ብስክሌት ነጂ ጥቂት ቢሆንም ልጆች በየቀኑ በብስክሌት ትምህርት ቤት ይሄዳሉ።

ከዚህ የምንረዳው ቁር የመንገድን ጉድለት እንደማይተካ ነው። በፈጣን መኪና የተገጨን ልጅ ሁለት ሳንቲ ሜትር ፎም ሁልጊዜ አያድነውም። ስለዚህ የመንገድ መሐንዲሱና የትራፊክ ፖሊሱ፣ ልጁ ቁር አድርጓል ብለው ከሥራቸው ሊዘናጉ አይገባም። ነገር ግን ከተለየ መንገድ ላይ እንኳ ልጅ ይወድቃል፤ ብቻውን፣ በግቢ ውስጥ፣ ከጠጠር ላይ ተንሸራቶ ይወድቃል። ደግሞም መልካም መንገድ እስኪሠራ ዓመታት ያልፋሉ፤ ልጁ ግን ብስክሌቱን የሚነዳው ዛሬ ነው። የኔዘርላንድን መንገድ ሳይዙ የኔዘርላንድን ባዶ ራስ ብቻ መያዝ ከጥበብ አይቈጠርም።

ይህ ሁሉ እኛን ምን ያገባናል የሚል ቢኖር መልሱ ቅርብ ነው። አገራችን ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ በተካፈለችበት በ1956 ዓ.ም. ካሰለፈቻቸው ስፖርተኞች መካከል ብስክሌት ነጂዎች ነበሩ፤ የተወዳደሩትም የቪክቶሪያ ዋና ከተማ በሆነችው በሜልበርን ነው። ብስክሌት ለኢትዮጵያ እንግዳ አይደለም ማለት ነው። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ሜዳማ ጐዳናዎች ላይ ብስክሌት ከጥንት የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከ2018 ዓ.ም. መጨረሻ ወዲህ በአንዳንድ እሑዶች ዐበይት መንገዶች ለመኪና እየተዘጉ ለእግረኛና ለልጆች ተለቀዋል፤ በቅርብ ዓመታት በታደሱት ጐዳናዎችም ዳር ለብስክሌት የተለየ መሥመር ተሠርቷል። በየሰፈሩ በደቂቃ ሒሳብ ብስክሌት የሚያከራዩ ወጣቶች አሉ፤ ልጆቻችንም ከእነርሱ እየተከራዩ በደስታ ይነዳሉ። ደስታው ደስ ያሰኛል። ነገር ግን ብስክሌቱ ሲከራይ ቁሩ አብሮ ሲከራይ የሚታየው ከስንት አንድ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የእኛ ዕድል ከሌሎቹ የተለየ መሆኑን እናስተውል። እነርሱ ሃምሳ ዓመት የፈጀባቸው ዕውቀቱን መፈለግ፣ ዕቃውን መሥራትና ክርክሩን መጨረስ ነው። ለእኛ ይህ ሁሉ ተሠርቶ ቀርቦልናል። ከእንግዲህ ብንዘገይ የምንዘገየው ባለማወቅ ሳይሆን ባለማሰብ ይሆናል። በየመሥሪያ ቤቱ የምንሠራ ሰዎችም በዚህ ጉዳይ ሁለት እጅ አለን። በአንደኛው እጃችን ወላጆች ነን፤ በሁለተኛው ደግሞ ደብዳቤ የምንጽፍ፣ መመሪያ የምናረቅ፣ የጨረታ ዝርዝር የምናወጣ፣ ፈቃድ የምንሰጥ ነን። ለትምህርት ቤት ብስክሌት ሲገዛ ቁሩ በዝርዝሩ ውስጥ እንዲገባ ማድረግ፣ የአከራዮችን ሥራ ስናደራጅ ለየብስክሌቱ ቁር እንዲኖር መምከር፣ ወደ አገር የሚገባው ቁር የተፈተነ መሆኑን መጠየቅ፣ የቀረጡም ነገር ሲነሣ ቁር ከጌጥ ዕቃ ጋራ እንዳይቈጠር ማስረዳት ከአቅማችን በላይ አይደለም።

ቁር መግዛት ብቻም አይበቃም፤ አደራረጉን ማወቅ ያስፈልጋል። ብላቴናው ዳዊት ወደ ጎልያድ ሊወጣ ሲል ንጉሥ ሳኦል የራሱን የናስ ቁርና ጥሩር አልብሶት እንደ ነበርና ዳዊት ግን ስላልለመደው አውልቆ እንደ ተወው ሁላችን እናውቃለን። ለአባት የተሠራ ቁር ለልጅ አይሆንም። ቁሩ በራስ ላይ ሲደፋ ከቅንድብ በላይ ሁለት ጣት ያህል ብቻ ትቶ ግንባርን መሸፈን አለበት፤ ወደ ኋላ ተንጋሎ ግንባርን ካጋለጠ ዋና ሥራውን አይሠራም። ማሰሪያው ከጆሮ በታች ከሁለት ወገን ተገናኝቶ፣ አገጭ ሥር አንድ ጣት ብቻ እስኪያስገባ ድረስ ይጠብቃል። ልጅቱ ሹሩባ የተሠራች እንደ ሆነች ቁሩ ከነሹሩባዋ ተለክቶ ይገዛላት፤ ወፍራም ቆብ ከሥር አይደረግም። አንድ ጊዜ በኀይል የተመታ ቁር፣ ከውጭ ደኅና ቢመስልም ውስጡ ተጨፍልቆ ስለ ቀረና ወደ ቀድሞው ስለማይመለስ፣ በአዲስ ይለወጣል። ደግሞም ልጅ ከብስክሌት ወርዶ ዛፍ ወይም የመጫወቻ መሰላል ለመውጣት ሲሄድ ቁሩን ማውለቅ አለበት፤ ማሰሪያው ተይዞ አንገቱን ሊያንቀው ይችላልና። አውሮፓውያን በዚህ ምክንያት ለትንንሽ ልጆች በኀይል ሲሳብ በራሱ የሚፈታ ማሰሪያ ያለው ልዩ ቁር ደረጃ አውጥተዋል።

ከሁሉ በላይ ልጅ የሚያምነው ያየውን ነው። አባት ራሱ ባዶ ራሱን ብስክሌት እየነዳ ልጁን ቁር አድርግ ቢለው ቃሉ አይሰማም፤ ልጁም ቁርን የልጅነት ቅጣት፣ ባዶ ራስን የትልቅነት ምልክት አድርጎ ያየዋል። እናትና አባት አብረው ቢያደርጉት ግን ጫማ ማሰርና እጅ መታጠብ እንደሚለመድ ሁሉ በጥቂት ቀን ይለመዳል። ልማዱም መጀመር ያለበት ልጁ ብስክሌቱን በተረከበበት በመጀመሪያው ዕለት ነው።

ሎሬንስ በዚያች መንገድ ላይ መሪውን ሲያጥፍ ሁለቱን ልጆች ለማትረፍ እንጂ ለሳይንስ ብሎ አልነበረም። ከሞቱ የተገኘው ዕውቀት ግን ወደ ሐኪሙ፣ ከሐኪሙ ወደ ወታደሩ፣ ከወታደሩ ወደ መኪና ተወዳዳሪው እየተላለፈ ቆይቶ፣ በመጨረሻ ብስክሌት ወደሚነዱት ልጆች ተመልሷል። ከልጆች የተነሣ ዕውቀት ነውና መድረሻውም ልጆች ሊሆኑ ይገባል። በእኛ ከተሞች ወደሚገኙት ልጆች እንዲደርስ የቀረው መንገድ ከገበያ እስከ ቤታችን ያለው ነው። አባቶች «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ያስተማሩንን ምክር በዚህ ጉዳይ እንድንፈጽመው እያሳሰብን ንግግራችንን እዚህ ላይ እንፈጽማለን።